በሬ ያለ ዱላ የሚጭነው ልጅ፤ የአንዲት የቢሾፍቱ ደላቢ ምስክርነት

ቢሾፍቱ ዳር ላይ በሬ አደልባለሁ። በአንድ ዙር ከስምንት እስከ አሥር በሬ እገዛለሁ፣ ሦስት ወር ያህል ፋጉሎ፣ ፉርሽካና ጭድ አበላለሁ፣ ከዚያ ለበዓል አዲስ አበባ አስገባለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሥራው ከእሱ የቀረልኝ ነው፤ ሦስት ልጆችም የማሳድገው በዚሁ ነው። ዛሬ የምጽፈው በሬዎቼን ከበረት አውጥቶ መኪና ላይ ስለሚጭንልኝ ልጅ ነው። ከ2015 ፋሲካ ጀምሮ ስድስት ዙር አሠርቼዋለሁ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፈውም። እዚሁ ከተማ አንዱን ከብት የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር ይዛችሁ «ያለ ዱላ የሚጭነው ልጅ የታለ?» ብትሉት ግን ያገናኛችኋል።

ከእሱ በፊት የነበረውን ካልነገርኳችሁ የልጁ ሥራ ምን ያህል እንደሚያወጣ አይገባችሁም። ጫኞች እንደምታውቁት አራት አምስት ሆነው ነው የሚመጡት። አንዱ የቀንዱን ገመድ ይጎትታል፣ አንዱ ጭራውን ይጠመዝዛል፣ የቀሩት ጎኑን በዱላ ይሉታል። ጩኸቱ ሰፈር ይሰማል። በ2014 ለፋሲካ ዘጠኝ በሬ ሳስጭን፣ ወይኖ የምለው በሬ ከመኪናው አፍ ላይ ተንሸራቶ ወደቀና የፊት እግሩ ተሰበረ። ሦስት ወር ሙሉ በእጄ ያበላሁት በሬ ነው። እዚያው እንደተኛ አሳርጄ ለሰፈር ቅርጫ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። ጫኞቹ የጭነታቸውን ሒሳብ ተቀብለው ሄዱ።

የተሰበረውስ ይታያል። የማይታየው ኪሳራ ይበልጥ ነበር። አዲስ አበባ ቋሚ ደንበኛዬ የሆነ ሥጋ ቤት ያለው ሰው አለ፤ አንድ ቀን ደውሎ «እመቤት፣ በሬሽ ሲያዩት ያማረ ነው፣ ሲገፈፍ ግን ጎኑና ታፋው ደም ቋጥሯል። ሥጋውም ጠቁሯል» አለኝ። የእሱ ደንበኛ ቁርጥ የሚበላ ሰው ነው። ቁርጥ ደግሞ ምንም አይደብቅም፤ ወጥ ቢሆን በርበሬው ይሸፍነዋል፣ ጥሬው ግን ተሰቅሎ እየታየ ነው የሚመረጠው። ደም የቋጠረውን ቆርጦ ይጥለዋል፣ የጠቆረውን ደንበኛ «የሰነበተ ነው» ብሎ ይመልስበታል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ በሬ ላይ ዋጋ ይቀንስብኝ ጀመር። ተጣላሁት እንኳ። ያበላሁትን አውቃለሁ፣ በሽታም አልነበረባቸውም።

ነገሩን የገለጠችልኝ ትልቋ ልጄ ናት፤ እዚሁ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው የምትማረው። «እማዬ፣ በሬ ሲደበደብና ሲረበሽ ጡንቻው ውስጥ ያጠራቀመውን የጉልበት ስኳር ይጨርሰዋል» አለችኝ። ያ ስኳር ከእርድ በኋላ ወደ አሲድ እየተለወጠ ነው ለካ ሥጋውን ቀይና ደስ የሚል የሚያደርገው። ስኳሩ መንገድ ላይ ካለቀ ሥጋው ጥቁር፣ ደረቅና የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል፤ ቶሎም ይበላሻል። የሦስት ወር ፋጉሎዬን በአንድ ጠዋት ዱላ ሲያፈሱብኝ ኖረዋል ማለት ነው።

ልጁን ያመጣልኝ አንድ ሹፌር ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መጣ፤ ብቻውን፣ ቦቲ ጫማ ብቻ አድርጎ። እጁ ላይ ልምጭ እንኳ የለም። ዕድሜው ያኔ 25 ቢሆን ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሹፌሩ የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ውሻውን ወደ ጓሮ ያስሩልኝ» አለኝ። አሰርኩ። ከዚያ በሬዎቹን ሳይነካ ከበረቱ በር እስከ መኪናው ድረስ ራሱ ሄደበት፤ ጎንበስ ብሎ፣ በሬ በሚያይበት ቁመት። አጥሩ ሽቦ ላይ ተሰክቶ የሚንፈራፈር ፌስታል ነበር፤ አውርዶ ኪሱ ከተተው። ልብስ ማስጫው ላይ የተሰጣ ነጠላዬን «ይቅርታ ያድርጉልኝና ያስገቡልኝ» አለ። ሹፌሩን መኪናውን አዙር አለው፤ የጠዋት ፀሐይ በመኪናው አፍ በኩል ፊት ለፊት በሬዎቹ ዓይን ውስጥ ትገባ ነበርና። መኪናው በሬዎቹ ወጥተው ወደሚገቡበት የአፈር ድልድል ሲጠጋ በመሃል አንድ ስንዝር የምታህል ክፍተት ቀረች። እኔ አላየኋትም። እሱ በሁለት ጆንያ አፈር ሞልቶ ደፈናት፣ ላይዋ ላይ ጭድ በተነ፣ የመኪናውንም ወለል በጭድ አለበሰው። «ብረቱ ሲረግጡት ይጮህባቸዋል፣ ያብረቀርቅባቸዋልም» አለ። ሞተር እንዲጠፋም አደረገ።

ይኼን ሁሉ ሲያደርግ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ሹፌሩን አያለሁ።

ከዚያ በረቱ ውስጥ ገባ። ዳለቻ የሚባል ቦረና በሬ ነበረኝ፣ ሻኛው ትልቅ፣ ጠባዩ ረጋ ያለ። መጀመሪያ እሱን መረጠ። አሥር እርምጃ ያህል ርቆ በጎኑ በኩል ቆመ፤ እጁን ወደ ታች ለቆ፣ ዝም ብሎ። አንድ እርምጃ ቀረበ። ዳለቻ አንዱን ጆሮውን ወደ እሱ መለሰ። ግማሽ እርምጃ ጨመረ፤ ዳለቻ አንገቱን ቀና አደረገ። ልጁ ያኔውኑ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመለሰ። በሬው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ እኔ የቆምኩበት ድረስ ተሰማኝ። እንደገና ቀረበ፣ በሬው ሊራመድ እግሩን ሲያነሳ ልጁ ባለበት ቀረ። በሬው ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። እንደገና። እንዲህ እያለ፣ ሳይነካው፣ ሳይጮህበት፣ እስከ በሩ አደረሰው። ሌሎቹ አንድ በአንድ ከዳለቻ ኋላ መከተል ጀመሩ። ዳለቻ ድልድሉ ጋ ሲደርስ ቆሞ ጭዱን አሸተተ። ልጁም ቆመ። እንዲያሸት ጊዜ ሰጠው። በሬው ሲጨርስ ራሱ ወጣ።

በኋላ ቡና እየጠጣን ምን እንዳደረገ ጠየቅኩት። አነጋገሩ አጭር ነው፤ እንዳለው ልጻፈው። «ሲሄድልዎት ይልቀቁት፣ እትዬ። ሄዶም ካልለቀቁት ለምን ብሎ ይሄዳል?»

ሌላው የነገረኝ የትከሻው ነገር ነው። ከበሬው ትከሻ ኋላ በኩል ሆናችሁ ስትጠጉት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከትከሻው አልፋችሁ ወደ ፊቱ ስትመጡ ይቆማል ወይም ወደኋላ ይላል። ልክ ከጭራው ጀርባ መቆም ግን አይሆንም። በሬ ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፣ ከጭራው ጀርባ ያለውን ብቻ አያይም። ያላየው ነገር ሲነካው ወይ ይራገጣል ወይ ይዞራል። ጥላንም ከጉድጓድ መለየት ይቸግረዋል፤ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ ገደል ሊመስለው ይችላል። ጫኞቹ «እልኸኛ በሬ» እያሉ የሚደበድቡት ለካ ገደል ያየ በሬ ኖሯል። ይኼን ስሰማ ወይኖ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ወደ ኋላ እየሸሸ የነበረው ከምን እንደሆነ ማንም አላየለትም።

ያን ቀን አንድ ጥፋት ደርሷል፤ የእኔ ጥፋት ነው። ልጁ መጨረሻ ላይ ሁለት በሬ አብረው ይቅሩ ብሎኝ ነበር። እኔ ሹፌሩ ስላጣደፈኝ ከሁለቱ አንዱን ገፋ አድርጌ አስወጣሁት። ቡሬ ብቻውን ቀረ። ቡሬ የአርሲ በሬ ነው፣ ትንሽና ነቃ ያለ። ብቻውን እንደሆነ ሲያውቅ ጮኸ፣ በረቱን ዞረው፣ አጥሩን በደረቱ መታው። እኔ የማውቀው ጫኝ ቢሆን እዚህ ላይ ገመድና ዱላ ይመጣል። ልጁ ከበረቱ ወጣና በሩን ዘጋው። «አሁን ማንም አይግባ» አለ። ቡሬ እስኪረጋ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከዚያ የምታለበዋን ላሜን ፍቺልኝ አለ፤ ፈታሁለት። ላሜን ቡሬ አጠገብ አስገብቶ አብረው ቆሙ፣ ተሻሹ። ሁለቱን ጎን ለጎን እስከ መኪናው ወሰዳቸው፣ ላሚቱ ወጣች፣ ቡሬም ተከትሏት ወጣ። እሷን ቀስ አድርጎ መልሶ አወረዳት። ከብት ብቻውን ሲቀር ጅብ እጅ የወደቀ ይመስለዋል፣ አለኝ። ስምንቱም ተጭነው አለቁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የቡሬን ጥበቃ ጨምሮ፣ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ዱላ አልተነሳም።

ሹፌሩ አዲስ አበባ ካራ በሬ ገበያ ሲደርስ ደወለልኝ። በሬዎቹ መንገድ ላይ ሲያመሰኩ ነው የመጡት አለኝ። ከዚያ በፊት ሲያመሰኩ የደረሱልኝ በሬዎች አላስታውስም።

አሁን ስለ ዋጋው። በአንድ በሬ 400 ብር ያስከፍላል። ሌሎቹ እኔ ሰፈር 150 ይጭናሉ። ብዙ ሰው ይኼን ሰምቶ ይተወዋል፤ እኔም መጀመሪያ ተከራክሬዋለሁ። ሒሳቡን ግን እንደ ነጋዴ አስሉት። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ያው ሥጋ ቤት ያለው ደንበኛዬ «ምን አድርገሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከገበያው ዋጋ ላይ በበሬ ሁለት ሺህ ብር ጨምሮ ይወስድልኛል፤ ገበያ ላይ ደላላ ጋ መቆሜም ቀርቷል። በስድስቱም ዙር አንድ በሬ አልተሰበረብኝም። 250 ብር ልዩነት ከፍዬ ያገኘሁት ይኼን ነው።

ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ልጁን «ሆዱ ባባ ስለሆነ ነው የማይመታው» ይሉታል። ሆዱማ ይባባል፤ የሚከፈለው ግን በሙያው ነው። አባቱ ጋ አርሲ ውስጥ ከብት ሲጠብቅና ሲያርስ ነው ያደገው። ከዚያ እዚህ ቢሾፍቱ አንድ የወተት እርባታ ውስጥ ሦስት ዓመት አላቢ ነበር። የተረበሸች ላም ወተቷን እንደምትይዝ ያየው እዚያ ነው፤ ያን ዕለት ጠዋት የተጮኸባት ላም ማለቢያ ዕቃውን ሳትሞላ ትቀራለች፣ አለኝ። ከዚያ ጀምሮ ከብት ምን እንደሚያስደነግጠው ማየት ጀመረ፣ እያየ ተማረ።

ልጄ አንድ ቀን በስልኳ ቪዲዮ አሳየችው። ቪዲዮው ላይ ያለችው ቴምፕል ግራንዲን የምትባል አሜሪካዊት የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናት። ራሷ ኦቲዝም ያለባት ሴት ናት፤ ከብቶቹ በሚነዱበት መተላለፊያ ውስጥ ራሷ ገብታ እነሱ የሚያዩትን ታያለች። ጥላውን፣ የተንጠለጠለውን ሰንሰለት፣ ውሃ ላይ የሚያብለጨልጨውን ብርሃን። በዚህ የተነሳ በአሜሪካ ብዙ የከብት ማጎሪያና የቄራ መግቢያ የተሠራው በእሷ ንድፍ ነው። ባድ ዊልያምስ የሚባልም ሰው ነበር አለችን፤ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2012፣ ገበሬዎችን ይኼንኑ ከብትን በእርጋታ የመንዳት ሙያ ሲያስተምር የኖረ። ልጁ ስልኩን ይዞ ሰንሰለቷ ስትወርድ ሲያይ «ፌስታሏን አየሽ!» ብሎ ልጄን በደስታ ጮኸባት። ማንም ሳያስተምረው የደረሰበት ነገር እዚያም ሙያ ሆኖ፣ ሰው ለሱ ተከፍሎት ሲኖርበት ማየቱ ነው ያስደሰተው። እኔም ደስ አለኝ፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ።

እንጀራው እንዴት ነው ብላችሁ ለምትጠይቁ፦ ሥራው ወቅት አለው። ገና፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና አረፋ ሊደርሱ ሲሉ ያለው ሳምንት ከጠዋት እስከ ማታ ይጭናል፤ በቀን እስከ 15 በሬ። 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ፋሲካ እስኪቃረብ ጭነቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ያኔ ወተት እርባታዎች ይጠሩታል። ለክትባት፣ ለውስጥ ትል መድኃኒትና ለሰኮና ጠረባ ላሞቹን ሳይረብሽ ለሐኪሞች እያቆመ ይሰጣል፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው እሱ ካለ እንመጣለን ይላሉ። ገበሬዎች ደግሞ ወይፈን ለእርሻ እንዲያለማምድላቸው ይወስዱታል። ባለፈው ዓመት ባጠራቀመው ሁለት ወይፈን ገዝቶ እኔ በረት ውስጥ ያደልባል፤ መኖው ከእኔ ነው፣ ትርፉን እኩል እንካፈላለን። አገራችን 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አላት። ሁሉም አንድ ቀን ይነዳል፣ ይወጋል፣ ይጫናል። ይኼን የሚችል ወጣት ሥራ የሚያጣ አይመስለኝም፤ ልጆቻችሁ ከብት የሚወዱ ከሆነ እንዲያዩት ላኳቸው።

ጉድለቱንም መጻፍ አለብኝ፤ ምስክርነት ነውና። ስልኩ አይነሳም። ሥራ ላይ ሲሆን ይዘጋዋል፣ ማታ ነው የሚደውለው፤ አስቸኳይ ላለበት ሰው ይኼ ያናድዳል። ለበዓል ካሰባችሁ ከሦስት ሳምንት በፊት ካልያዛችሁት አታገኙትም። ጭቃ ላይ አይጭንም፤ ዝናብ ከዘነበ ይተዋል፣ መኪናው ቢቆምባችሁም አይለወጥም። አሠሪው ዱላ የያዘ ረዳት ካስጠጋም ጥሎ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ጎረቤቴ ጋ አድርጎታል።

ትልቁ ጉድለት ግን እሱ የሚሠራው በመጫኑ በኩል ብቻ መሆኑ ነው። ቢሾፍቱ ላይ እንደ ሙሽራ የወጣ በሬ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ካራ ላይ ሲደርስ አውራጆቹ በዱላ ይቀበሉታል። እስከዚያ ድረስ የተደረገው ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይበላሻል። አብሮ መኪናው ላይ እየሄደ እንዲያወርድም ለመንኩት፤ ትራንስፖርቱን ሳይጨምር 1,500 ብር ጠየቀኝ። ከፍያለሁ፤ ቢሆንም ለአንድ ሁለት በሬ ይኼ አያዋጣም። ቢያንስ አራት አምስት ሆናችሁ በአንድ መኪና ብትልኩ ይሻላል። ሌላው፣ ተተኪ የለውም። አንድ ጊዜ ታሞ የአጎቱን ልጅ ላከልኝ፤ ልጁ ትንሽ ቀን ነው ከሱ ጋር የሠራው፣ መልቀቅ አያውቅም፣ ይገፋል ብቻ። አንዱ በሬ ከድልድሉ ዘሎ ወረደ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዳም። ገንዘቡን መልሶልኛል፣ ይቅርታም ጠይቋል። እናም እሱ ራሱ ካልመጣ አልጭንም ብያለሁ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ስለ ስልኩና ስለ ተተኪው ነው፤ ስለ ሥራውማ አምስትም አይበቃም።

ልታሠሩት የምታስቡ ደግሞ እሱ ከመምጣቱ በፊት ቦታውን አዘጋጁለት። ድልድላችሁ ቁልቁል የበዛበት ከሆነ አፈር ጨምሩበት። ሰው አትሰብስቡ፤ ለማየት የሚመጡ ልጆችን ቤት አስገቡ። በሬዎቹን የማታውን መኖ አብልታችሁ ጠዋት ውሃ አጠጧቸው። ከሁሉ በላይ ሹፌራችሁን ከቀደመው ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ጨምራችሁ ቅጠሩት፤ ጥድፊያው ሁሌም የሚመጣው ከመኪናው በኩል ነው።

አሁን ፍልሰታ ስለሆነ ቀዝቀዝ ብሎለታል፤ በዚህ ሳምንት ደውላችሁ ለእንቁጣጣሽ ብትይዙት ጥሩ ነው። እኔ ይዤዋለሁ። ሰባት በሬ አለኝ፣ የእሱን ሁለት ጨምሮ ዘጠኝ፤ ጳጉሜን 2 ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይመጣል። ክረምቱ ገና ስላልለቀቀ ጭቃው እንዳይመልሰው ብዬ ከበረቱ እስከ ድልድሉ ጠጠር አስደፍቻለሁ። ላሜንም በየቀኑ ከታለበች በኋላ በዚያው ጠጠር ላይ ወደ ድልድሉ እየወሰድኩ አለማምዳታለሁ።